«ቅባት ተዉ» የተሰኘው ምክራችን ሲመዘን

በጤና ተቋሞቻችን ለጨጓራ ሕመምተኞች ከሚሰጡት ምክሮች መካከል «ቅባት ተዉ» የሚለውን ያህል የተለመደ አለ ለማለት ያዳግታል። በተመላላሽ ታካሚ ክፍል በቃል ይነገራል፤ አንዳንድ ጊዜም በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ይጻፋል። አጭር በመሆኑ ለተናጋሪውም ለሰሚውም ይመቻል። ይሁንና ለማን፣ በምን ያህል መጠንና ለስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ያልተገለጸ መድኃኒት እንደማይታዘዝ ሁሉ፣ ምክርም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ጸሐፊው በሥራ ላይ ሳለ ያገኛቸው አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት ለምክሩ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እኚህ እናት የተነገራቸውን ቃል በቃል ተቀብለው ለስምንት ወራት ሽሯቸውን ያለ ዘይት ሠርተው፣ ጎመናቸውን በውኃ ብቻ ቀቅለው ኖረዋል። በጾም ቅቤው ቀድሞውንም ስለሚቀር፣ ዘይቱም ሲቆም ከገበታቸው ቅባት ጠፋ ማለት ይቻላል። ሕመሙ ግን አልተወገደም፤ ክብደታቸውም ቀነሰ። የምክሩ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚገኝ የጨጓራ ሕመምተኛ ያለ ምክንያት መክሳቱ ካንሰርን የሚያስጠረጥርና ፈጣን ምርመራ የሚሻ የአደጋ ምልክት ነው። እኛ ግን ለክሳቱ ምክንያት ፈጥረንለት ምልክቱን ራሳችን አደበዘዝነው። በኢንዶስኮፒ የተገኘው የዱዎዲነም ቁስለት ሆነና የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ሕክምና ተሰጥቷቸው ተሻላቸው። ዕድለኛ ነበሩ፤ ስምንቱ ወራት ግን በከንቱ አልፈዋል።

እንደሚታወቀው የጨጓራና የዱዎዲነም ቁስለት ዋነኛ መንሥኤዎች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተሰኘው ባክቴሪያና እንደ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያውን ያገኙት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። ቅባት ከእነዚህ መንሥኤዎች ተራ አይገባም። ስለዚህ ታካሚውን ስለሚወስደው ማስታገሻ ሳይጠይቁ ስለ ቅቤው ማስጠንቀቅ ዋናውን ትቶ ጥላውን ማባረር ይሆናል።

ቅባት ለምግብ መፍጫ አካላት እንግዳ ነገር አይደለም። ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ የሐሞት ከረጢት ይጨመቃል፤ ቆሽትም ሊፔዝን ጨምሮ ኢንዛይሞቹን ይለቃል። ቅባት ለረዥም ጊዜ ሲጠፋ የሐሞት ከረጢቱ በሚገባ ስለማይጨመቅ ሐሞቱ ይከማቻል፤ በፍጥነት በሚከሱ ሰዎች ላይ የሐሞት ጠጠር እንዲበዛ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ከዚህም ሌላ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ቅባት በአግባቡ ወደ ደም አይገቡም። በውኃ ብቻ የተቀቀለ ጎመን የያዘው ካሮቲን አብዛኛው ሳይጠቅም ከሰውነት ይወጣል፤ ጥቂት ዘይት ሲታከልበት ግን አንጀት ይቀበለዋል።

መጠኑን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ጠቅላላው ቅባት ከዕለቱ ኃይል 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ የሚረጋው ቅባት ከ10 በመቶ፣ ትራንስ ፋት ደግሞ ከ1 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን ዝቅተኛ ወሰንም መኖሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተሰበሰቡት የድርጅቱና የፋኦ ባለሙያዎች ለአዋቂዎች ቢያንስ 15 በመቶ፣ በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶችና ክብደታቸው ላነሰ ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 20 በመቶ እንዲሆን አሳስበዋል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 15 በመቶው 33 ግራም ያህል ቅባት ነው። ብዙኃኑ ታካሚዎቻችን የሚሠጉት ከላይኛው ወሰን ነው ወይስ ከታችኛው? ሳንጠይቅ መከልከላችን ነው ስሕተቱ።

በእርግጥ ምክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። ቅባት ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ስለሚያደርግ፣ ያለ ቁስለት የጨጓራ ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ቅባት የበዛበት ምግብ የመወጠርና የማቅለሽለሽ ስሜት ያስከትልባቸዋል። በሐሞት ጠጠር ሳቢያ የሚታመሙ ቀዶ ሕክምና እስኪያገኙ፣ ትራይግሊሰራይዳቸው እጅግ ከፍ ብሎ ቆሽታቸው የተቆጣም እንዲሁ ቅባት ሊቀንሱ ይገባል። ነገር ግን መቀነስ ማጥፋት አይደለም። በዘላቂ የቆሽት ሕመም እንኳ የሚቀድመው ኢንዛይም መስጠት እንጂ ቅባትን ማገድ አይደለም። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚያገግሙበት ፕላምፒነትም ቢሆን ከሚሰጠው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከቅባት ነው።

በሌላ በኩል «ቅቤ አንጀትን ይፈውሳል» የሚለውም አነጋገር ከማስረጃው ቀድሞ የሮጠ ነው። የትልቁን አንጀት ሕዋሳት የሚመግበው ቡቲሬት በዋናነት የሚገኘው ባክቴሪያዎች አሰርን ሲያብላሉ ነው፤ በቅቤ ውስጥ ያለው ግን ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ይመጠጣል። ተልባም የሆድ ድርቀትን የሚያለዝበው በአብዛኛው በሚያዝለገልገው አሰሩ ነው፤ ዘይቱ የሚመሰገነው ሰውነት ራሱ ሊሠራው በማይችለው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። የኑግ ዘይትም በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት በመሆኑ ሁሉንም «ዘይት» ብሎ በአንድ ስም መጥራት አያስኬድም።

ስለዚህ «ቅባት ተዉ» ከማለታችን በፊት ታካሚው ምን እንደሚበላ፣ የትኛው ምግብ እንደሚያሳምመው፣ ክብደቱ መቀነሱንና የሚወስደውን ማስታገሻ እንጠይቅ። ከዚያም ምክሩ ካስፈለገ የትኛውን ቅባት፣ በምን ያህል እንደሚቀንስና መቼ ተመልሶ እንደሚታይ እንንገረው። ቀጠሮ የሌለው ክልከላ ሕክምና አይደለም።