ከአሥሩ አውታር አራቱ ለምን ዝም ይላሉ?

የበገናን ቅርጽ ትርጓሜ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የላይኛው ቀንበር የእግዚአብሔር፣ የታችኛው ገበቴ የእመቤታችን፣ ሁለቱ ምሰሶዎች የሚካኤልና የገብርኤል ምሳሌ፤ አሥሩ አውታሮች ደግሞ አሥርቱ ትእዛዛት። ደስ የሚል ትርጓሜ ነው። ግን ስለ ድምፁ ምንም አይልም እኮ! መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስናየውም ያው ነው።

ከኢትዮፒክስ አልበሞች 11ኛውን፣ የአለሙ አጋን፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። አለሙ በጣቶቹ ሲደረድር የሚያሰማው ስድስቱን አውታሮች ነው። የቀሩት አራቱ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ቁጥሩ አሥር ይሁን ያለው ዳዊት ነው፤ መዝሙሩ ባለ አሥር አውታሩን በገና ያነሳል። ዜማው ግን ያን ሁሉ አልፈለገም። እኔ እንደሚመስለኝ እምነት አውታሮቹን ሰጠ፣ እጅ ደግሞ ሥራ ፈለገላቸው። ይህ ድርድር ከምሳሌው በላይ ይማርከኛል።

ቅርጹ ብቻውን ምስጢር እንደማይሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሁለት ምሰሶ፣ አንድ ቀንበር፣ ከታች ገበቴ፦ ክራርም ያው ነው፣ ለዘፈንና ለፍቅር ይመታል። ከአብደራፊ ድንበሩን ስትሻገሩ ደግሞ የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ጠምቡራ በሱዳን የዛር ሥርዓት ላይ ይመታል። አንድ ዓይነት ጂኦሜትሪ፣ ሦስት ዓለም።

ታዲያ በገናን በገና የሚያደርገው ምንድን ነው? በእኔ ጆሮ እንዚራው ነው፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ። ደርዳሪው ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ይገፋዋል። ልክ ቦታውን ሲያገኝ አውታሩ የበርኩማውን ጠፍጣፋ ገጽ እየነካካ ይነዝራል፤ ያ ደረት ውስጥ የሚገባው ዝዝታ ይመጣል። ካላገኘው ወፍራም አውታር ብቻ ነው የምትሰሙት። የሕንዱ ታንፑራም ተመሳሳይ ዘዴ አለው፣ እዚያ ክር ነው የሚገባው። የሚገርመው፣ ከላይ በዘረዘርኩት ትርጓሜ ውስጥ እንዚራ ቦታ የለውም። ምናልባት ከሩቅ ስለማይታይ ይሆናል፤ ቀንበርና ምሰሶ ፎቶ ላይ ያምራሉ።

በገና ልትገዙ ካሰባችሁ የተቀረጸውን መስቀል አድንቁ፣ ችግር የለውም። ከዚያ ግን ሠሪው እንዚራውን እያንቀሳቀሰ አሥሩንም አንድ በአንድ ያሰማችሁ፤ ዝም የሚሉትን ጨምሮ።