ሚስማር፣ ኮርቻና ቋጠሮ

ያለፈውን ዓመት፣ በፈረስ ጀርባም በእግሬም የዞርኩባቸውን የካሊፎርኒያ ሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች መለስ ብዬ ሳስብ ቀድማ የምትመጣልኝ አንዲት ቀጭን ሚስማር ናት። የፈረስ ጫማ ሚስማር። ጫፏን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው በአንድ ወገን ብቻ ሾል ብላ መሞረዷን ያስተውላል። እንዲህ የተበጀችው ስትመታ ቀጥ ብላ ወደ ውስጥ እንዳትዘልቅ፣ ይልቁንም ወደ ውጭ እየጎበጠች እንድትወጣ ነው። የሰኮናው ግድግዳ ከሰው ጥፍር ጋር አንድ በሆነው ኬራቲን የተሠራ ስለሆነ ሕመም አያውቅም። ከግድግዳው በስተ ውስጥ ግን ደምና ነርቭ ያለበት ሕያው ሥጋ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ በሚሊሜትር የሚለካ ነው። ባለሙያው እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሚስማር ይመታል፤ ያውም አምስት መቶ ኪሎ ሊደርስ የሚችል እንስሳ እግር በጉልበቶቹ መሐል አጣብቆ፣ ወገቡን አጉብጦ።

ሥራው በጆሮ ነው የሚሠራው። ሚስማሯ በጠንካራው ግድግዳ ውስጥ ስታልፍ የመዶሻው ድምፅ ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ለስላሳው ካዘነበለች ይደፈናል። ሸክላ የምትገዛ ሴት ድስቱን አንኳኩታ ስንጥቁን በድምፁ እንደምትለይ፣ እሱም ድምፁ የተደፈነበትን ሚስማር ሳያመነታ ይነቅልና እንደገና ይጀምራል። በትክክል የሄደችው ሚስማር ከሰኮናው ሥር ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብላ ብቅ ትላለች። ጫፏን ጠምዝዞ ይቆርጣል፣ የቀረውን ጉቶ ወደ ታች ያጥፋል፣ በሞረድ ያለሰልሳል፣ በመጨረሻም በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። እኔም ዳብሼዋለሁ። ብረቱ የት እንዳለቀ፣ ሰኮናው የት እንደጀመረ ጣቴ ሊለየው አልቻለም።

መዶሻው ከመነሣቱ በፊት ያለው ሥራ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። ሰኮና በወር ከስድስት እስከ አሥር ሚሊሜትር ያድጋል፤ ስለዚህ በየስድስት ወይም በየስምንት ሳምንቱ ጫማው ወልቆ ሰኮናው መከርከም አለበት። ከመከርከሙ በፊት ባለሙያው ፈረሱን ጠፍጣፋ መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ ያስኬደዋል። ከፊት ሆኖ ያያል፤ ከኋላ ሆኖ ያያል። የትኛው የሰኮና ጠርዝ ቀድሞ መሬት እንደሚነካ፣ የትኛው ወገን ይበልጥ እንደተበላ ይመለከታል። ከጉልበት በታች ያለው የፈረስ እግር ጡንቻ የለውም፤ ጅማትና አጥንት ብቻ ነው። አንደኛው ወገን በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ካለ ያ ልዩነት በየእርምጃው ወደ ጅማቱ ይሄዳል። በ160 ኪሎ ሜትር ላይ ስንት እርምጃ እንዳለ ለአንባቢው ግምት እተወዋለሁ።

160 ኪሎ ሜትር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ዌንዴል ሮቢ የተባለ የኦበርን ከተማ ሰው ባንዶስ በተባለው የዓረብ ዝርያ ፈረሱ፣ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር፣ ከታሆ ሐይቅ አካባቢ ተነሥቶ ተራራውን አቋርጦ በአንድ ቀን ኦበርን ገባ። ዛሬ ቴቪስ ካፕ የሚባለው የፈረስ ውድድር የተወለደው ከዚያ ጉዞ ነው። በ1974 ደግሞ ጎርዲ አይንስሌይ የተባለ ጋላቢ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፈረሱ አንክሶበት ከውድድር የወጣ ሰው፣ ከፈረሶቹ ጋር ተሰልፎ በእግሩ ሮጠ። በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ጨረሰ። ከእሱ በኋላ በ1977 ዌስተርን ስቴትስ የተባለው የእግር ሩጫ ተጀመረ፤ በዓለም ላሉት የመቶ ማይል የተራራ ሩጫዎች ሁሉ አባት ሆነ። ፈረሱና ሯጩ የሚጋሩት አንድ መንገድ፣ አንድ ገደል፣ አንድ ወንዝ ነው። ሽልማታቸውም ወርቅ ወይም ገንዘብ አይደለም፤ 24 ሰዓት ሳይሞላ ለገባ የብር የቀበቶ መቆለፊያ ነው። ፈረሰኛው ላይ ግን አንድ ሸክም ይጨመርበታል፤ ፈረሱ መስመሩን ከጨረሰ በኋላም መቀጠል የሚችል መሆኑን የእንስሳት ሐኪም ካላረጋገጠ ጉዞው ሁሉ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ይህ አንድ ሕግ ነው ስፖርቱን የእጅ ሙያ ያደረገው። ፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ አለንጋ ይበቃ ነበር።

ስለ ኮርቻ ልናገር። የምጋልባት የወዳጄ ዳማ ባዝራ ናት። ረጅም ልምምድ ጨርሰን ስንገባ ወዳጄ ጠፍሩን ፈትቶ ኮርቻውን እንዳወረደ ውሃ ከማፍሰሱ በፊት ቆም ብሎ ጀርባዋን ያያል። ላቡ ከጫንቃዋ እስከ ወገቧ በሁለቱም ወገን እኩል ከተዘረጋ፣ በመሐል በአከርካሪዋ ላይ ደረቅ መስመር ብቻ ከተወ፣ ኮርቻው በልኳ ተሠርቷል ማለት ነው። በላቡ መሐል የእጅ መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ከታየች ግን እዚያ ላይ የኮርቻው እንጨት ተጭኗል፤ ደም ሥሩን አፍኖ የላብ ዕጢዎቹን አስቁሟል። ነገ ያ ቦታ ያብጣል፣ ከነገ ወዲያ ገጣባ ይሆናል። ገጣባው ከዳነ በኋላም የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ነው። በዳማ ፈረስ ጫንቃ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካያችሁ የድሮ መጥፎ ኮርቻ ፊርማ እያነበባችሁ ነው።

ወዳጄ ኮርቻውን ያሠራው የባዝራዋን ጀርባ በተጣጣፊ ሽቦ አስለክቶ ነው። ኮርቻ ሠሪው ሽቦውን ጫንቃዋ ላይ፣ ትከሻዋ በሚያልቅበት፣ መሐል ጀርባዋ ላይ እያሳረፈ ቅርጹን ወረቀት ላይ ሣለ። ሁለቱ የእንጨት ሰሌዳዎች አከርካሪውን ሳይነኩ ክብደቱን በግራና በቀኝ ሥጋ ላይ እንዲያሳርፉ አድርጎ፣ የፊት ጠርዛቸውን ወደ ላይ ከንበል አደረገው። ትከሻዋ ወደ ኋላ ሲሄድ ከሰሌዳው ጋር እንዳይጋጭ ነው። የጠርዙን ስፌት ተመልክቻለሁ፤ ክሩ በሰም ታሽቶ በሁለት መርፌ ከሁለቱም ወገን የተሰፋ ነው። እንዲህ ያለ ስፌት አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዘዋል። ስፌቱ ያለው ማንም በማያየው በሆድ በኩል ነው። እኔ የባለሙያን ደረጃ የምለካው በዚህ ወገን ባለው ስፌት ነው።

የአገሬ ኮርቻም በዚህ ሐሳብ የተሠራ ነው። የሐበሻ ኮርቻ የእንጨት አጥንቱ በአከርካሪው ላይ ክፍተት ትቶ በሁለት ወገን ያርፋል፤ ከሥሩ ድብዳብ ይነጠፋል። እርካቡ ደግሞ የአውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ትንሽ ቀለበት የሆነበት ብልሃት አለው፤ ባዶ እግሩን ለሚጋልብ ሰው ቀላልና ፈጣን ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ፣ አባ ነፍሶ ሲባል ባልቻ እንደሆነ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ጋላቢውን በፈረሱ ስም ጠርተን ዘመን አሻገርነው። ፈረሱን ያለ ገጣባ አድዋ ያደረሰውን ኮርቻ የሠራ እጅ ግን የማን ነበር? ቆዳ ፋቂውንና ብረት ቀጥቃጩን ስናዋርድ ኖረናል፤ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንላለን። ፈረሱን ያደረሰው ባለሙያ ግን በተረታችን ውስጥ እንኳ ቦታ አላገኘም።

ወደ ፈረስ ውድድሩ ስመለስ፣ በመሐሉ ያሉት የሐኪም ጣቢያዎች ሌላ የእጅ ሥራ ያሳያሉ። ሐኪሙ የባዝራዋን የአንገት ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ አንሷታል። ድዷን በጣቱ ተጭኖ ደሙ እስኪመለስ ይቆጥራል። ሽንጧ ላይ ማዳመጫውን አሳርፎ አንጀቷ መንቀሳቀሱን ይሰማል፤ ጸጥ ያለ አንጀት ከሚያነክስ እግር ይልቅ ያስፈራዋል። ከዚያ የልብ ምቷን ይወስዳል። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ጣቢያው ላይ ወደ 60 ወይም ወደ 64 ካልወረደ ማለፍ የለም። እኔን ከሁሉ የማረከኝ ግን የሚከተለው ፈተና ነው። ባዝራዋ 38 ሜትር ያህል በሶምሶማ ሄዳ ትመለሳለች፤ ከተነሣችበት አንድ ደቂቃ ሲሞላ ምቷ ዳግመኛ ይቆጠራል። ያልደከመ ልብ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የደከመው ጥቂት ምት ከፍ ብሎ ይቀራል። በዚያ የጥቂት ምት ልዩነት ሐኪሙ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣውን ውድቀት አስቀድሞ ያነባል። በማዳመጫና በእጅ ሰዓት ብቻ።

በዚያ ዓመት የተለማመድነው ሌላው ስፖርት ግልቢያንና የእግር ሩጫን ያጣመረ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1971 የተጀመረ። ሁለት ሰው፣ አንድ ፈረስ። አንዱ ጋልቦ ይቀድማል፤ ፈረሱን ዛፍ ላይ አስሮ በእግሩ ይቀጥላል። ከኋላ በሩጫ የሚመጣው ፈትቶ ይጋልባል፣ ጓደኛውን ያልፋል፣ በተራው ያስራል። ሙያው ያለው በቋጠሮው ነው። ፈረሷ ስትጎትት መጥበቅ አለበት፤ ላብ ያጠበው፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አንዱን ጫፍ ሲስብ ደግሞ በአንድ ጊዜ መፈታት አለበት። ገመዱ ከጫንቃዋ ከፍታ ባላነሰ ቦታ ይታሰራል፤ ዝቅ ካለ እግሯን ታስገባበታለች። ርዝመቱም ከአንድ ክንድ ብዙ አይበልጥም። ዛፉ ሕይወት ያለው፣ ከመንገዱ ዞር ያለ፣ ከተቻለ ጥላ ያለው ይሁን። ወዳጄ ከእኔ ቁመቱ ይረዝማል፤ እርካቡን በየቅያሪው ማሳጠርና ማስረዘም ጊዜ ይበላልና ለሁለታችንም የሚሆን መሐለኛ ልክ አገኘን። እሱ ጉልበቱን ትንሽ አጠፈ፣ እኔ ቁርጭምጭሚቴን ትንሽ ዘረጋሁ። ባዝራዋም ተማረች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌሎች ፈረሶች ሲያልፏት መሬቱን በኮቴዋ ትቆፍር ነበር፤ በጋው ሲገባ ጆሮዋን ወደ መጣሁበት አቅጣጫ አቁማ ትጠብቀኝ ጀመር።

ስለ ሯጩ እግር ባጭሩ። በዌስተርን ስቴትስ መንገድ ሯጩ 5,500 ሜትር ያህል ወጥቶ 7,000 ሜትር ያህል ይወርዳል። ጣቶቹን የሚጎዳው መውረዱ ነው። በዚያ መንገድ ዳር የረጅም ርቀት ሯጮችን እግር የሚያክሙ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ ፕላስተር ሲቆርጡ ማዕዘኑን ክብ ያደርጉታል፤ ሹል ማዕዘን ካልሲ ስለሚይዘው ይላጣል። በሌሊት፣ በግንባር መብራት፣ የማያውቁትን ሰው የቆሸሸ እግር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ያንን ማዕዘን ማክበብ አይዘነጉም።

መንገዱ ራሱም የእጅ ሥራ ነው። በደንብ የተሠራ የተራራ መንገድ ወደ ቁልቁሉ ወገን በጥቂቱ ዘመም ያለ ነው፤ ዝናቡ ሳይቆይበት ተሻግሮ እንዲወርድ። ውሃ መንገዱን ይዞ ከሄደ በአንድ ክረምት ቦይ ያደርገዋል። ወደ ዌስተርን ስቴትስ ለመግባት የሚሻ ሯጭ ስምንት ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ብዙዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው መንገድ ይጠግናሉ። በ2022 መስከረም ላይ የሞስኪቶ እሳት በፎረስትሂል አካባቢ ያለውን መንገድ ከፊሉን ሲበላ፣ በቀጣዩ ሰኔ ሯጮች እንዲያልፉበት ያደረጉት እነዚህ እጆች ናቸው። የከሰሉ ግንዶች በመጋዝ ተቆርጠው ከመንገዱ ዳር ተጋድመው አይቻለሁ።

በቴቪስ ለአንደኛው ከሚሰጠው ዋንጫ ሌላ ከ1964 ጀምሮ የሚሰጥ ሃጊን የሚባል ዋንጫ አለ። ቀድመው ከገቡት አሥር ፈረሶች መሐል በማግስቱ በጤና ከሁሉ ልቆ ለተገኘው ይሰጣል። ሐኪሞቹ ጀርባውን ይዳብሳሉ፣ እግሩን ይነካካሉ፣ በሶምሶማ ያስኬዱታል። ለእኔ በስፖርት ዓለም ከማውቃቸው ሽልማቶች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሚስማሯን የመታው፣ ሰሌዳውን የከነበለው፣ ገመዱን ያሰረው ሁሉ አብሮ የሚመዘነው በዚያ ማለዳ ነውና።

አገር ቤት ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ጋሪ ላለህ አንባቢ አንድ ልመና አለኝ። ልመናዬ ዋንጫም ገንዘብም አይፈልግም። ዛሬ ማታ ጭነቱን ስታወርድ መዳፍህን ከጫንቃው እስከ ወገቡ ጫን እያደረግህ አሳልፍ። ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበት ወይም ጎንበስ የሚልበት ቦታ ካለ ምልክት አድርግበት፤ በዚያ ትክክል ያለውን ጠፍር ወይም ድብዳብ ነገ ከመጫንህ በፊት ለባለሙያ አሳይ። ባለሙያውንም ስሙን ጠይቀው።