ለኪስ ካሜራ አንድ ማጣሪያ ይበቃዋል

ባለፈው ሰሞን ፎቶ ማንሳት የጀመረች ልጅ አዲሷን የኪስ ካሜራ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ዩቪ ልግዛ ወይስ ኤንዲ?» ብላ ጠየቀችኝ። ካሜራውን የሸጠላት ሰው ዩቪ ፊልተር ሳይገጠምለት ከቤት እንዳይወጣ ብሏት ኖሯል። ሁለቱንም አትግዢ አልኳት። ገንዘብሽን ለፖላራይዘር አስቀምጪው፤ ከተረፈሽ ሁለተኛ ባትሪ ጨምሪበት። መልሴ አላረካትም፤ በቆምንበት የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው እዚህ የምጽፈው።

የዩቪን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። በፊልም ዘመን በቂ ምክንያት ነበረው። ፊልም አልትራቫዮሌት ጨረር ይቀበላል፤ ጨረሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል። ሰሜን ተራሮች ላይ ቆሞ ማዶውን ገደል ያነሳ ሰው ሥዕሉ በሰማያዊ ጭጋግ ተሸፍኖ ይወጣበት ነበር። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ግን ያንን ጨረር የሚያግድ ስስ ማጣሪያ ከፊቱ ተለጥፎበት ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ስለዚህ ዩቪው የሚሠራው ሥራ አልቀረለትም። የሚያመጣው ጣጣ ግን አለ። ፀረ ነጸብራቅ ቅብ የሌለው መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። በደመራ ምሽት መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ጧፍ የያዘውን ሕዝብ በርካሽ ዩቪ አንሱትና ተመልከቱ፤ በጨለማው ሰማይ ላይ ተገልብጦ የተንጠለጠለ ሌላ የጧፍ ረድፍ ታገኛላችሁ።

«ሌንሱን ይጠብቅልኛል» የሚለው ክርክርም ለትልልቅ ካሜራዎች ይሁን። አብዛኛው የኪስ ካሜራ ሲጠፋ ሌንሱ ወደ ሆዱ ገብቶ መጋረጃው በራሱ ይዘጋል። ማጣሪያ ለጥፋችሁ ከተዋችሁት ይህን አመል ከማበላሸታችሁም በላይ ለቀጭን ሌንስ የተሠራውን ትንሽ ሞተር ክብደት ታሸክሙታላችሁ። ከአቧራ አንጻር ግን አንድ ነገር አምናለሁ። እንደ ካኖን ጂ11 ያሉት ካሜራዎች ሌንሱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ቱቦ ይገጠምላቸዋል፤ በቱቦው ጫፍ 58 ሚሊ ሜትር ማጣሪያ ይታሰራል። አፋር ውስጥ ጨውና አሸዋ በሚነፍስበት ቀን የሚወጣ የሚገባው ሌንስ አቧራ እየሳበ እንዳይጨርሰው ያ ቱቦ ንጹህ መስታወት ተገጥሞለት ይከላከላል። ያን ቀን ዩቪም ቢሆን እቀበላለሁ። ቱቦው በመመልከቻው ቀዳዳ አንድ ጥግ ይሸፍናል፣ በፍላሹም ላይ ጥላ ይጥላል፤ ይህን አውቆ መግባት ነው።

ኤንዲ የተባለው ጥቁር መስታወትም ለብዙ የኪስ ካሜራዎች አያስፈልግም። ጂ11ም ሆነ ሶኒ አርኤክስ100 ሦስተኛው ትውልድ 3 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ በውስጣቸው አላቸው። ሜኑውን መክፈት ብቻ ነው። ጢስ ዓባይን እንደ ሐር ለማለስለስ ከዚህ የበለጠ የሚፈልግ ሰው ካለ እሱ የኪስ ካሜራ ሥራ ላይ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አብሮኝ ብዙ የሠራ ወዳጄ «ሁሉም በኮምፒውተር ይስተካከላል፤ ማጣሪያ የሚባል ነገር ሞቷል» እያለ ይሟገተኛል። ስለ ቀለም ማሞቂያው፣ ስለ ግማሽ ግራጫው፣ ከዋክብት ስለሚሠራው ማጣሪያ ሁሉ እውነቱን ነው፤ እነሱን እኔም አልገዛም። በፖላራይዘር ላይ ግን አልስማማም። ዝናብ ካባራ በኋላ ጅማ አካባቢ ያለ የቡና ቅጠል የሰማዩን ነጭ ብርሃን ይመልሳል። ካሜራው የሚመዘግበው ያንን ነጭ ነው፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ጨርሶ አልተመዘገበም። ኮምፒውተሩ ያልተመዘገበውን ከየት ያመጣዋል? የእንሰት ቅጠል፣ እርጥብ የድንጋይ ንጣፍ፣ የሱቅ መስኮት፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ፖላራይዘሩ ሲዞር በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ አሳልፎ ነጸብራቁን ከሌንሱ ደጅ ይመልሰዋል። ይህን ለማግኘት ከአንድ ስቶፕ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ ትከፍላላችሁ። ሴንሰሩ ትንሽ ለሆነ ካሜራ ይህ ቀላል ዋጋ ስላልሆነ፣ ብርሃን በሌለበት ቤተ መቅደስ ውስጥ አውጡት።

በኪስ ካሜራ ላይ አንድ ልማድ ያስፈልገዋል። ማጣሪያውን ስታዞሩ ካሜራው ብርሃን የቀነሰ እየመሰለው ምስሉን ያበራዋል፤ ለውጡም ከስክሪኑ ላይ ይጠፋባችኋል። መጀመሪያ ኤክስፖዠሩን ቆልፉ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካደረጋችሁም አውልቁት።

ብዙ ሰው ፖላራይዘር የሚገዛው ለሰማይ ነው። ይህን አልወደውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከበጋ ዝናብ ማግስት ሰማይዋ ያለ ማንም እርዳታ ሰማያዊ ነው። ፖላራይዘር ሲጨመርበት ወደ ጥቁር ይሄዳል። በሰፊ ሌንስ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ማጣሪያው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ላይ ያለውን ሰማይ አጥቁሮ ሌላውን ስለሚተወው አንዱ ጥግ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይወጣል። ውሃ ላይም እንዲሁ አስቡበት። ጎንደር የፋሲል መዋኛ በጥምቀት ውሃ ሲሞላ፣ የሕንፃው ምስል ውሃው ላይ ካረፈ፣ ያንን ነጸብራቅ ማጥፋት ጥፋት ነው።

ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው የሰው ፊት ነው። ፖላራይዘር ከቆዳ ላይ ወዙን ይወስዳል። ለነጭ ቆዳ ብለው የጻፉት መጻሕፍት ይህን እንደ ጥቅም ይቆጥሩታል። የእኛን ጠይም ፊት ቅርጽ የሚሰጠው ግን ያው ወዝ ነው፤ ጉንጭን ከአፍንጫ፣ ግንባርን ከዓይን ጉድጓድ የሚለየው በቆዳው ላይ የሚያርፈው ስስ ብርሃን ነው። እሱን ስታጠፉት ፊቱ ጠፍጣፋና ጭቃማ ይሆናል። ሰው ወደ ፍሬሙ ሲገባ ማጣሪያው ይውጣ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ስለ ግዢው፦ መስተዋት ላለው ትልቅ ካሜራ «ሰርኩላር» የሚባለው ዓይነት ግድ ነበር፤ የውስጡ መስተዋት የተለመደውን ፖላራይዘር ሲያገኝ ፎከሱና የብርሃን ልኬቱ ይዛባል። በኪስ ካሜራ ውስጥ ያ መስተዋት የለም። ስለዚህ ከፊልም ዘመን የተረፈ «ሊኒየር» ፖላራይዘር በርካሽ ካገኛችሁ ውሰዱት፤ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። መጠኑን ግን ተመልከቱ። አርኤክስ100 ላይ በሚለጠፈው ቀለበትና በሪኮ ጂአር3 አዳፕተር ላይ 49 ሚሊ ሜትር፣ ፓናሶኒክ ኤልኤክስ100 ላይ በቀጥታ 43 ይገባል። ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ ካልኩሌተር አምጡልኝ በሉ። በማጣሪያው አሻግራችሁ ቁጥሮቹን እያያችሁ አዙሩት። መስኮቱ አንዴ ካልጨለመ የያዛችሁት ጥቁር መስታወት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምጨነቅለት በመስታወት ጀርባ ስላሉ ፎቶዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1808 ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ ከፓሪሱ የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን በካልሳይት ድንጋይ አሻግሮ አይቶ፣ ድንጋዩን ሲያዞረው ብርሃኑ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ነበር ከመስታወት የሚመለስ ብርሃን የተለየ መሆኑን የተረዳው። እኔ ደግሞ ያንን ያየሁት ደሴ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ነው። ባሏ በወታደር ልብሱ የተነሳው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቅሏል። የክረምት እርጥበት ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል። አንድ ፎቶ ቤት ፈልቅቆ ሊያወጣው ጠይቋት እሺ አላለችም፤ ቢያወጣው ኖሮ ፊቱ መስታወቱ ላይ ይቀር ነበር።

ፊት ለፊት ቆማችሁ ፖላራይዘር ብታዞሩ ምንም አይለወጥም። የመስታወት ነጸብራቅ ሙሉ ለሙሉ የሚጠፋው ከቀጥታው ወደ 56 ዲግሪ ስታዘነብሉ ነው። ያን ያህል ከተንጋደዳችሁ ግን ፊቱ ይጠብባችኋል። እኔ 40 አካባቢ እቆምና የተረፈውን ነጸብራቅ ከማዶ ጥቁር ጨርቅ በማንጠልጠል እደፍነዋለሁ። የተንጋደደውን ሥዕል ለማቃናት ወዳጄ የሚያሞግሰው ኮምፒውተር ይጠቅማል፤ በዚህ ደስ ይለዋል። የኪስ ካሜራም የሚከበርበት ቦታ ይህ ነው። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ የሹልነቱ ጥልቀት ሰፊ ነው፤ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ሁሉም ጥርት ይላል።

የታተመውን ስሰጣት አክስቴ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄዳ የሸሚዙን ቁልፎች ቆጠረች። እዚያ ግድግዳ ላይ በዚያ ሁሉ ዘመን ከመስኮቱ ብርሃን ሥር ተሸፍነው ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቿ፣ ቀጥሎም አሜሪካና እስራኤል ያሉ ልጆቻቸው፣ የቤታቸውን ፎቶ እንዳነሳላቸው ይልኩብኛል። ሰርግም ምርቃትም እያነሳሁ ኖሬአለሁ፤ ስሜ ቢጠራ የምፈልገው ግን በዚህ ሥራ ነው።

ግድግዳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ካለ ክረምት ሳይገባ አስነሱት። ወረቀቱ ከመስታወቱ ከተጣበቀ ማንም እንዲፈለቅቀው አትፍቀዱ፤ ካልከፈትኩ አላነሳም የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።