ስለ ሴቶች የቡጢ ሻምፒዮና አከታተላችን

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጅሬንና በጅማ፥ እንዲሁም በአጋሮና በሊሙ ገነት የምንኖር ሰዎች ዓለም አቀፍ የሴቶች የቡጢ ሻምፒዮናን በምን ዓይን እንደምንመለከት መመርመር ነው። የተጋጣሚዎቹን ችሎታ መመዘን የባለሙያ ሥራ ነው፤ የተመልካቹን አፈራረድ መተቸት ግን የተማሪም ድርሻ ይመስለኛል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማተር ሴቶች የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ያደረጉት በ2001 በአሜሪካ፥ በስክራንተን ከተማ ነው። ወደ ኦሊምፒክ የገቡት ግን በ2012 በለንደን ሲሆን፥ ያን ጊዜ ወንዶቹ በ10 የክብደት ደረጃ 250 ሲሆኑ፥ ለሴቶች የተፈቀደው 3 ደረጃና 36 ቦታ ብቻ ነበር። በ2024 በፓሪስ ቁጥሩ እኩል ሆኖ ከየወገኑ 124 ተሰለፉ።

ይህን ሁሉ አብዛኞቻችን የምንከታተለው በቡና ቤት ቴሌቪዥን ነው። በዚያ በሚሰማው ፍርድ ሦስት ጉድለቶች አያለሁ።

አንደኛው ቁጥሩን አለማወቅ ነው። «5 ለ 0» ሲባል እንደ እግር ኳስ ቆጥረን ተሸናፊዋን እናዋርዳለን። በዛሬው ደንብ ግን 5 ዳኞች ለየብቻቸው ይፈርዳሉ፤ ዙሩን ላሸነፈችው 10፥ ለተሸነፈችው 9 ወይም ከዚያ በታች ይሰጣሉ። ስለዚህ 5 ለ 0 ማለት አምስቱም ዳኞች አንዷን መረጡ ማለት ነው እንጂ፥ ሌላይቱ ቡጢ አላሳረፈችም ማለት አይደለም። በ2012 ደግሞ የሚቆጠረው ያረፈው ቡጢ ነበር። የአየርላንዷ ኬቲ ቴይለር የሩሲያዋን ሶፊያ ኦቺጋቫን በፍጻሜው 10 ለ 8 ስታሸንፍ፥ ጠባብ ግጥሚያ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የዛሬው 5 ለ 0 ግን ጠባቡንም ሰፊውንም ሊሸፍን ይችላል።

ሁለተኛው ሜዳልያ ብቻ መቁጠር ነው። የህንዷ ሜሪ ኮም ከለንደን በፊት 5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ሆናለች፤ በለንደን ያገኘችው ነሐስ ነው። ሠንጠረዡ ብቻ ሲነበብ የወደቀች ይመስላል። ሆኖም የለመደችው ዝቅተኛ ክብደት በኦሊምፒኩ አልነበረም፤ ትንሹ ደረጃ 51 ኪሎ ስለ ነበረ፥ በተፈጥሮ ከሚከብዷት ጋር ገጥማ ነው ነሐሱን ያገኘችው።

ሦስተኛውና የከፋው መልክን መፍረድ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ጥፋት አይደለም። በ2010 በባርቤዶስ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ዓለም አቀፉ ማኅበር ራሱ፥ ሴቶቹ ከወንዶች ተለይተው እንዲታወቁ በማለት ጉርድ ቀሚስ አቅርቦላቸው ነበር፤ ብርቱ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ በ2012 ነገሩ ለተጋጣሚዋ ፈቃድ ተተወ። በ2024 በፓሪስ ደግሞ ኢጣልያዊቷ አንጀላ ካሪኒ ከአልጄሪያዋ ኢማን ኸሊፍ ጋር የጀመረችውን ግጥሚያ በ46 ሰከንድ አቋረጠች። ስለዚያ 46 ሰከንድ ያልተከራከረ የለም፤ ኸሊፍ የቻይናዋን ያንግ ሊዩን ስላሸነፈችበት የሦስት ዙር ፍጻሜ ግን የሚያነሣ አልሰማሁም። ማን ከሴቶች ጋር ይጋጠም የሚለው ጥያቄ በደንብና በማስረጃ የሚወሰን ነው፤ በቡና ቤት ፊትን አይቶ አይፈረድም። በአገራችን ቡና እንኳ ደረጃ የሚሰጠው ፍሬው በዓይን ታይቶ ብቻ ሳይሆን ተቀምሶም ነው።

አስተውሎ ማየት ግን አያቅተንም። በ1992 በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር ኤለና ሜየርን ከኋላ ከኋላ ተከትላ በመጨረሻው ዙር ስትቀድማት፥ መከተሏን ፍርሃት ያለው ማን ነው? ሩጫን ስለምናውቅ ትዕግሥት መሆኑ ገባን። በቡጢ ግን ወደ ኋላ ያፈገፈገችውን ሁሉ «ፈራች» እንላለን። ተቃራኒዋን ወደ ራሷ ስባ ለመምታት ቦታ እያመቻቸች እንደ ሆነ አንጠይቅም።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። ነገ አንዲት የጅሬን ልጅ ጓንት ልታጠልቅ አባቷን ብትጠይቅ፥ መልሱ የሚመጣው ከዚሁ ከቡና ቤት ወሬ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ሻምፒዮና ሲመጣ፥ ክብደቱን፥ የዳኞቹን አቆጣጠርና የእግር አጣጣሏን አስቀድመን እንመልከት። ፍርዱን ከዚያ በኋላ እንስጥ።