«ሂድ፥ ኑር፥ ሁን»፦ ስለ አንድ ስደተኛ ልጅ የተሠራ ፊልም ከገሳይ ሲታይ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በሩማንያ ተወልዶ በፈረንሳይ የሚሠራው ራዱ ሚሃይሌያኑ የተባለ የፊልም አዘጋጅ በ2005 ለተመልካች ያቀረበውን «ሂድ፥ ኑር፥ ሁን» የሚለውን ፊልም ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን። ፊልሙ በበርሊን የፊልም በዓል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል፤ በሚቀጥለውም ዓመት በፈረንሳይ አገር ሴዛር የተባለውን ሽልማት በድርሰቱ ተቀብሏል። እኛም የተመሰገነበትን ለመቀነስ አንፈልግም። ነገር ግን የታሪኩ ሥር ያለው በጎንደር ደጋ ስለ ሆነ፥ ከጉና ግርጌ ከገሳይ የመጣ ተማሪ ሲያየው ለፓሪስና ለበርሊን ተመልካች የማይታይ ነገር ይታየዋል። ይህንንም መናገር የሚገባን መስሎ ታየን።

አስቀድመን የነገሩን መነሻ ባጭሩ እናስታውስ። በጎንደር ዙሪያ፥ በደምቢያ፥ በወገራ፥ በስሜንና በበለሳ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል፥ ሌላው ሰው «ፈላሻ» እያለ በማይወዱት ስም ሲጠራቸው የኖሩት፥ የኦሪትን ሕግ የጠበቁ ያገራችን ሰዎች ናቸው። የእስራኤል የስፋርዲም ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን አጸኑላቸው፤ በ1975ም የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ ለእነርሱም እንዲሠራ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ በረኀቡና በጦርነቱ ዘመን ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በስደተኞች ሰፈር ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ ይነገራል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በተደረገው «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው ምስጢራዊ ጉዞ በሺህ የሚቈጠሩት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ1991 ደግሞ «ዘመቻ ሰሎሞን» ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ የሚሆኑትን ከአዲስ አበባ አሻገረ።

ፊልሙ የሚጀምረው በ1984 በሱዳን በአንድ የስደተኞች ሰፈር ነው። አንዲት ክርስቲያን እናት ልጅዋ እንዳይሞትባት ብላ ቤተ እስራኤሎቹ ወደሚሳፈሩበት ገፍታ ትሰደዋለች። ሃና የተባለች፥ ልጅዋ የሞተባት የቤተ እስራኤል ሴት በሟቹ ፋንታ ይዛው ትሄዳለች፤ ልጁም በእስራኤል አገር ሽሎሞ ይባላል። ሃና ግን ሳትቈይ በበሽታ ትሞታለች። ሽሎሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ኋላም ያኤልና ዮራም የተባሉ የሁለት ልጆች ወላጆች እንደ ልጃቸው አድርገው ይወስዱታል። እንግዲህ የፊልሙ ጥያቄ ይህ ነው፦ እውነቱ ቢታወቅ እባረራለሁ ብሎ የሚፈራ ልጅ ሰውን እንዴት ሊያምን ይችላል? ባልንጀራስ እንዴት ይይዛል?

አዘጋጁ ለዚህ ጥያቄ በስብከት አይመልስም፤ የሥራውም መልካምነት በዚህ ይጀምራል። ልጁ እስራኤል ደርሶ ገላውን ሲታጠብ ውሃው በቀዳዳው ሲወርድ አይቶ ይሸበራል፤ እንዳይጠፋበትም ሊያቆመው ይታገላል። አልጋ ተሰጥቶት ከመሬት ይተኛል። ምግብ ቀርቦለት አይበላም። ሌሊት ጨረቃን እንደ እናቱ አድርጎ ያነጋግራታል። አንድ ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ይህን ሁሉ እልከኝነት ሊለው ይችላል። እኛ ግን ታማኝነት ነው እንላለን። እናቱን ውሃና እህል በሌለበት ትቶ የመጣ ልጅ ጠግቦ ቢያድር እርስዋን የካዳት ይመስለዋል። ስለዚህ አዲሶቹን ሰዎች አለማመኑ አሮጌውን እምነት ከመጠበቁ የመጣ ነው።

አዳሪ ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እኛ ከገሳይ ወጥተን በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት በገባንበት ዓመት ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ ስላላወቅን፥ ረቡዕና ዓርብም ወጡ የጾም ይሁን የፍስክ ስላልተረዳን፥ ከቤት የያዝነውን በሶ እየበጠበጥን ሰነበትን። ማንም ክፉ አልተናገረን፤ ማንምም አላስገደደን። በመምህራን ምክርም አልተመለስንም። አንድ የስሜን ልጅ ምንም ሳይል አጠገባችን ተቀመጠና ከበሶው ለመነን፤ አብሮንም ጠጣ። በማግሥቱ እኛ ከርሱ ሳህን በላን። ዛሬም ባልንጀራችን ነው። ይህን የምናወራው ስለ ራሳችን ለመናገር ሳይሆን፥ እምነት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚመጣው በአፍ ከሚነገረው ይልቅ ወደ አፍ በሚገባው ነገር መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ፊልሙም ይህን ያውቃል። የተማሪዎች ወላጆች ጥቁሩ ልጅ በሽታ ያስተላልፍብናል ብለው በትምህርት ቤቱ ባጉረመረሙ ጊዜ ያኤል በሁሉም ፊት የልጁን ፊት በምላስዋ ትልሳለች። ይህ ትዕይንት ለአንዳንዱ ተመልካች ከመጠን ያለፈ ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትክክለኛው እርሱ ነው እንላለን። ምክንያቱም ፍርሃቱ በሰውነት ላይ ነውና መልሱም በሰውነት መሆን ነበረበት። ነገሩ ደራሲ የፈጠረው ብቻ እንዳይደለ ታሪክ ይመሰክራል። በ1985 የእስራኤል ራቢዎች ከኢትዮጵያ የመጡት እንደ አዲስ አማኝ በውሃ ይንጹ ባሉ ጊዜ ቤተ እስራኤሎቹ በኢየሩሳሌም አደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 ደግሞ እነርሱ የለገሱት ደም በበሽታ ፍርሃት በምስጢር ሲጣል መኖሩ ታውቆ ብዙ ሺህ ሰዎች ለሰልፍ ወጡ። ደሙን የጣለው ሰው ስድብ አልተናገረም፤ ሥርዓት አከበርሁ ብሎም ያስብ ይሆናል። ደሙን የሰጠው ግን ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ ባልንጀራ መያዝ እንዴት ይቻለዋል?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የፊልሙ ክፍል ረጅምና አንዳንድ ጊዜም የተጨናነቀ ነው። ልጁ ያድጋል፤ ኦሪትን ከእውነተኞቹ አይሁድ ልጆች ይልቅ ተግቶ ያጠናል፤ አንድ የቤተ እስራኤል ቄስም ለእናቱ ደብዳቤ ይጽፉለታል። ሳራ የተባለች ልጅ ይወዳል። የአባትዋን ፈቃድ ለማግኘት ብሎ ስለ አዳም መልክ በሚደረግ ክርክር ገብቶ በዕውቀቱ ያሸንፋል፤ አባትዬው ግን አሁንም አይቀበለውም። እዚህ ላይ አዘጋጁ መደነቅና መታመን ልዩ ልዩ መሆናቸውን በሚገባ አሳይቷል። ሰው በትምህርቱ ሊጨበጨብለት ይችላል፤ ወደ ቤት ግባ የሚለው ግን ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሐሳብ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ሽሎሞ በፓሪስ ሕክምና ተምሮ ተመልሶ ሳራን ካገባ በኋላ እውነቱን ይነግራታል። እርስዋም የምትቈጣው ከክርስቲያን በመወለዱ አይደለም፤ ይህን ያህል ዘመን ስትጠብቀው ሳያምናት በመቅረቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ተመልካቹ ጥፋቱን ሁሉ በሌሎቹ ላይ ሲቈጥር ቈይቶ አሁን ዕዳው ወደ ልጁ ይዞራል። ተበድሎ ያደገ ሰው የሚወደውን ሊበድል ይችላልና። ይህን አዘጋጁ ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘው አይመስለንም። አባቱ ቡክማን የሚባሉ አይሁዳዊ ሲሆኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነፍሳቸውን ለማዳን ሚሃይሌያኑ የሚለውን ስም ወስደዋል። አባት አይሁድነታቸውን በሌላ ስም ሸሸጉ፤ ልጅ ደግሞ ክርስቲያንነቱን በአይሁድ ስም የሸሸገ ልጅ ታሪክ ሠራ። ሽሎሞን በጐልማሳነቱ የተጫወተው ሲራክ ሳባሃትም ራሱ በ1991 ከኢትዮጵያ የሄደ ነው። ፊልሙ ሲናገር የሚታመነው የሠሩት ሰዎች ነገሩን በቤታቸው ስለሚያውቁት ይመስለናል።

አሁን ነቀፋችንን እንናገር። በዚህ ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያ ማለት አንዲት እናት፥ አንድ የስደተኞች ሰፈርና አንዲት ጨረቃ ናት። ደጋው የለም፤ ገበያው የለም፤ ጐረቤትም የለም። ስለዚህ ተመልካቹ አለመተማመን በሱዳን ተወልዶ በእስራኤል ያደገ ይመስለዋል። ክርስቲያኒቱ እናትና የቤተ እስራኤልዋ ሃና ልጅን ያህል ነገር ይቀባበላሉ። ከችግር ጽናት የተነሣ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንክድም። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ሴቶች ከመሰደዳቸው በፊት በአንድ ማእድ ቀርበው ያውቁ ነበርን? ፊልሙ አይጠይቅም። እኛ ግን መልሱን እናውቃለን።

ያኤልን ያስቈጣት የወላጆቹ ፍርሃት በእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቤተ እስራኤል ርስት ስለ ተነፈጉ ብረት መቀጥቀጥና ሸክላ መሥራት መተዳደሪያቸው ሆነ። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከባለእጁ ገዛ፤ ሚስቱም ምጣድዋንና ጀበናዋን ከሸክላ ሠሪዋ ገዛች። ሰውዬውን ግን «ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል» አሉት። በገሳይ አያታችን ባለእጅ የሆነ ሰው በደጅ ሲያልፍ የምንበላውን በነጠላቸው ይሸፍኑ ነበር። ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዱን ነው፤ ክፉ ሴትም አይደሉም። ነገር ግን በነጠላ የተሸፈነው እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም። በሠራው ምጣድ የተጋገረውን በልተን ከሠሪው ዓይን ግን ሸሸግነው።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ፥ መለየቱ ከአንድ ወገን ብቻ አልነበረም ይለን ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ቤተ እስራኤሎችም በንጽሕና ሕጋቸው ምክንያት ሌላውን የነኩ እንደ ሆነ በውሃ ይታጠቡ ነበርና «አትንኩኝ» ተብለዋል። ሕጉን የሚጠብቅ ሰው ግን ራሱን ይለያል፤ ቡዳ ብሎ የሚጠራ ሰው ሌላውን ከሰውነት ያወጣል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም። ደግሞም ክርስቲያኑ ባለ ሰርግ ቤተ እስራኤል ጐረቤቱን ጠርቶ በሕጋቸው የሚታረድ ከብት ለብቻ ይሰጥ እንደ ነበር ይታወቃል። በአንድ ሳህን ሳይበሉ በአንድ ሰርግ መገኘት ትንሽ ወዳጅነት አይደለም። ፊልሙ ክፋቱን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ደግነት ሳያሳየን አለፈ።

ሌላው መልስ፥ አንድ ፊልም ሁሉን ሊናገር አይችልም የሚል ይሆናል። እውነት ነው፤ ይህም ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ፊልም ስለ ሆነ ይጨመርበት አንልም። በልጁ ትዝታ ውስጥ አንድ የገበያ ቀን፥ አንድ የተሸፈነ እንጀራ ቢታይ ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ ያኤል የልጁን ፊት ስትልስ በአዳራሹ የተቀመጡትን ወላጆች ብቻ ሳይሆን እኛንም በወቀሰችን ነበር። አሁን ግን ይህን ፊልም የሚያይ ያገራችን ሰው በሌሎች ጥፋት አዝኖ፥ በራሱ ግን ምንም ሳይሰማው ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። አንድን ሥራ መልካም ነው ካልን በኋላ ለእኛ አመቸን ማለት መራራ ነው፤ ሆኖም ማለት አለብን።

በፊልሙ መጨረሻ ሽሎሞ ሐኪም ሆኖ በስደተኞች ሰፈር ሲሠራ እናቱን ያገኛታል፤ እርስዋም ትጮኻለች። «ሁን» ብላ የሰደደችው ልጅ ሆኖ መጣላት። በእኛ በኩል ግን ታሪኩ እንዲህ አላለቀም። በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ ዛሬም የሸክላ ሥራ ለእንግዳ ይሸጣል፤ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ግን ሄደዋል። ከነርሱ ጋራ በገበያ የተገናኙ፥ በሰርግ የተጠራሩ፥ ማእዳቸውንም የሸፈኑ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየቀበሌው ጥቂት ቀርተዋል። የኮሌጃችን ተማሪዎች በየዕረፍቱ ወደ አገራቸው ሲገቡ ይህን ከአፋቸው ሰምተው ቢጽፉ ፊልሙ የተወውን ክፍል ሊሞሉት ይችላሉ።

እኛም በሚመጣው ክረምት ገሳይ ስንገባ አያታችንን የምንጠይቃቸው አንድ ነገር አለን፦ እማማ፥ ያ ምጣድ ከማን ተገዛ?