«ተቀበል» የማይባልበት ሬዲዮ

ለአዝማሪዎች፣ ለላሊበላዎችና ለበገና ደርዳሪዎች የኢንተርኔት ሬዲዮ እንክፈት የሚል ሐሳብ በተነሳ ቁጥር አብሮት የሚነሳው ምክንያት «ቅርሱ ሳይጠፋ እናቆየው» የሚለው ነው። ማንም አይቃወመውም። እኔ ግን ይህ በጎ ሐሳብ ጣቢያዎቹን ከመነሻቸው እያሳሳታቸው ነው ባይ ነኝ። ማቆየት የቤተ መዛግብት ሥራ ነው። ሬዲዮ አሁን የሚናገረውን አሁን ከሚሰማው ጋር ያገናኛል፤ የአዝማሪ ጥበብም የቆመው እዚያው ላይ ነው።

አዝማሪ ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የመጀመሪያውን ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበልና በዜማው ልክ ያስረዝመዋል ወይም ይሰበስበዋል፤ ከዚያ መሰንቆው ብቻውን ይሄዳል። የሚቀጥለው ስንኝ የሚመጣው በዚህ መሐል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ አርታኢ «ባዶ ቦታ» ብሎ የሚቆርጠው ይህ የመሰንቆ ጉዞ ብዙ ሥራ አለበት። እንግዳው ቤት የሚመታበትን ቃል ይፈልግበታል። ሰሚው ሰሙን ያላምጥበታል፤ ወርቁ ገና አልመጣምና። አዝማሪው ደግሞ የተሰጠው ግጥም ቢያነክስ እንዴት እንደሚያቃናው ይመክርበታል። ጎበዝ አዝማሪ ያቃናውን ቃል ሰጪው ራሱ እንደ ገዛ ቃሉ ሰምቶ ይኮራበታል፤ ከዚህ የረቀቀ የአርትዖት ሥራ በጽሑፋችን ውስጥ እንኳ ብዙ አላየሁም። ከዚያ ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ የሸላሚው ስም በግጥም ይነሳል፣ ያ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠውን ይተነኩሰዋል። ሽልማቱ ክፍያ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለው ግጥም መነሻ ነው።

ይህን ቅብብል የቀደሙት መሣሪያዎች ሊይዙት አልቻሉም፤ ምክንያትም ነበራቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹበት ሸክላ አንዱ ገጽ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር የሚችለው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሙዚቃ ደራሲው ሀሊም ኤል-ዳብህ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሰንቆን ከክራር፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር አዋሕዶ መድረክ ላይ አወጣው። ያንን ሥራ እወደዋለሁ፤ ሆኖም በተቀናበረ ዜማ መካከል ከታዳሚው ግጥም የሚገባበት በር የለም። ካሴቱም ጎኑ ሲያልቅ ያልቃል። የኢንተርኔት ሬዲዮ ግን ሰዓት አይቆጠርበትም፣ የሞገድ ኪራይ አይከፍልም። እንዲህ ያለ ነፃነት ያለው መሣሪያ ኮምፒዩተር የደረደራቸውን የአምስት አምስት ደቂቃ ዘፈኖች ሌት ተቀን ሲያዞር ይውላል። ጉዳቱ በላሊበላዎች ዜማ ላይ ይበልጥ ይታያል፤ እነሱ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም አስቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚያዜሙት። ቀረጻው በሬዲዮ ሲለቀቅ በእኩለ ቀን የማላውቀው ሰው ይመሰገንልኛል።

«ስርጭቱ ይዘገያል፤ ሰሚው ጋ እስኪደርስ ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ያልፋል፤ በዚህ ላይ ቅብብል አይሆንም» የሚል መልስ እሰማለሁ። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ችግሩ ግን መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። ግጥም ሰጪው ከአዝማሪው ጋር በስልክ ይገናኛል፣ መሰንቆውንም የሚሰማው በዚያው መስመር ነው፤ የቀረው አድማጭ ሠላሳ ሰከንድ ዘግይቶ ቢሰማ ምን ይጎድልበታል? እንዲያውም የድምፁ ጥራት የበለጠ ያሳስበኛል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚለቀቅ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ ጥቅል ገዝቶ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ለመቆጠብ ሲባል ድምፁ ከልክ በላይ ሲታመቅ ግን መጀመሪያ የሚሞተው የበገና እዝታ ነው። በጅማቱና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው ንዝረት ለማመቂያው ቀመር ከጩኸት አይለይም።

ካዛንቺስ የነበረው፣ መላኩ በላይ ይመራው የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ከፈረሰ ወዲህ ነገሩ ለእኔ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። አዝማሪ ቤት ሲያንስ ግጥም ሰጪውም ያንሳል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ነርስ ከሌሊት ፈረቃዋ ወጥታ ጎንደር ለተቀመጠ ባለ መሰንቆ ስንኝ የምትሰጥበት፣ እዚህ ያለው አድማጭም በቴሌብር የሚሸልምበትና ስሙ በግጥም የሚነሳበት የቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ከሺህ ቀረጻ ይበልጥብኛል። ለባሕሉ አሳቢ ነን ባዮቹ ጣቢያዎች ግን «አሁን ደግሞ አንድ የጎንደር ባህላዊ ዜማ» ብለው የሰውየውን ስም ሳይጠሩ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ አቅራቢ ጭራሽ በመሰንቆው መግቢያ ላይ ያወራበታል። ይህ ንቀት ነው። የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኝን መብት ካወቀ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ አዝማሪም ከዋኝ ነው።

በቀጥታ ስርጭት የተቀበለው ግጥም የማን እንደሆነ ይጠየቃል፤ መጠየቅም አለበት። ስንኙ የእንግዳው ነው፤ ዜማው ከአዝማሪው ወይም ከአባቶቹ የመጣ ነው፤ መሐል ላይ የተቃናው ቃል ደግሞ የሁለቱም ይመስላል። ጣቢያው ፕሮግራሙን ከመጀመሩ በፊት ከሁለቱም ጋር ይስማማ፤ ቅጂ ሲያስቀምጥም የሰጪውንና የተቀባዩን ስም አብሮ ይመዝግብ፤ የተለወጠ ቃል ካለ እንግዳው ያለውንም አዝማሪው የዘፈነውንም ጎን ለጎን ያስፍር።