ማን አንሺ፣ ማን ተነሺ?

ይሉኝታ ከማጀት እስከ አደባባይ ያልገባበት የለም። ሰርግ ላይ አለ፣ ለቅሶ ቤት አለ፣ ዕቁብ ላይ አለ። አሁን አሁን ደግሞ ከእጅ ስልክ ካሜራ ጀርባ ተቀምጦ እያገኘሁት ነው። “አገር ማየት እወዳለሁ፤ ሰው በተሰበሰበበት ፎቶ ማንሳት ግን ያሳፍረኛል” የሚሉ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ስልካቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ የአገሬው ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ያረፈ ይመስላቸዋል፤ ሰዓት እንዳየ ሰው ሆነው መልሰው ይከቱታል። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ባለማንሳታቸው ይቆጫቸዋል።

ለዚህ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ዓይነት ነው። “ማን ያውቅሃል? ነገ ጥለኸው ለምትሄደው አገር ምን አስጨነቀህ? ዝም ብለህ አንሳ!” ይሉታል። ምክሩ ለአንሺው አዝኗል፤ ይሁን። ስለ ተነሺው ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። የዛሬው ጠቤ ከዚህ ምክር ጋር ነው።

እስቲ ለነገሩ ቦታ እንስጠው፤ ሺንሺቾ እንሂድ። ሺንሺቾ ከዱራሜ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ፣ የቃጫቢራ ወረዳ ማዕከል የሆነች የከምባታ ከተማ ናት። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ቅዳሜ ዕለት የሐምበሪቾን 777 ደረጃዎች ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ እጁን ዘርግቶ የራሱን ፎቶ ተነስቶ፣ በማግስቱ ሺንሺቾ ገበያ ገባ እንበል። አንዲት አሮጊት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ አርፏል። የልጁ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። አፈረ።

ያፈረው ግን ስለ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው መለየት የሚያስፈልገው፤ ሐፍረቱ ሁለት ነውና።

አንደኛው ሐፍረት ስለ ራስ ነው። “ምን ይሉኛል? አጉል ሰው እመስል ይሆን? ቢስቁብኝስ?” ይህ ጥርት ያለ ይሉኝታ ነው። ቃሉ ራሱ “ይሉኛል” ከሚለው የወጣ አይደል? እዚህ ላይ መካሪዎቹ እውነት አላቸው። ገበያተኛው የራሱ ሂሳብ አለው፤ የዋጋው ነገር፣ ደመናው፣ ቤት ጥሎት የመጣው ልጅ ያሳስበዋል። ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ እንግዳ ሰው ካሜራ ያዘም አልያዘም መታየቱ አይቀርም። ያ ዓይን “ይሄ ደግሞ የማን እንግዳ ነው?” ብሎ መጠየቁ እንጂ መፍረዱ አይደለም። ሰላምታ ሲያገኝ መልሱን አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐፍረት ግን ስለ ሌላው ሰው ነው። “እኚህን እናት ሳላስፈቅድ ፊታቸውን ይዤ ልሂድ?” የሚል። ይህ ኅሊና ነው እንጂ ይሉኝታ አይባልም። “ዝም ብለህ አንሳ” የሚለው ምክር እንክርዳዱን እነቅላለሁ ብሎ ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ጨዋ ቋንቋ ነው። ፈረንጆቹ ፎቶ “ይወስዳሉ”፤ ሲላቸውም “ይተኩሳሉ”። ሱዛን ሶንታግ በ1977 እ.ኤ.አ. ስለ ፎቶግራፍ ባሳተመችው መጽሐፍ ካሜራን ከጦር መሣሪያ ጋር ስታነጻጽር መነሻ የሆናት ይኸው የቋንቋው ልማድ ጭምር ነው። እኛ ፎቶ “እናነሳለን”፤ ፊት ለፊታችን ያለውም ሰው “ይነሳል”። እርግጥ “ማንሳት” ብዙ ነገር የሚሸከም ግስ ነው። ዕቃ ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል፣ የሰው ስምም በደግም በክፉም ይነሳል። ምስሉም እንዲሁ ነው፤ በደግ ወይም በክፉ መነሳቱ በአንሺው እጅ ነው።

ሐፍረትን ለማምለጥ ሲፈለግ የኖረው መንገድ ደግሞ መደበቅ ነው። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ በ1916 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ጎዳናዎች በካሜራው ጎን የውሸት ሌንስ ገጥሞ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያነሳ መስሎ ሰዎችን ሳያውቁት ያነሳ ነበር። በዚያው ዓመት ካነሳቸው አንዷ፣ “ዓይነ ስውር” የሚል ጽሑፍ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለባት ሴት ናት። ዎከር ኢቫንስ ደግሞ ከ1938 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎችን በካፖርቱ ውስጥ በደበቀው ካሜራ አነሳ፤ መጽሐፉን ያሳተመው በ1966 ነው። ሥራዎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ሁለቱም ሐፍረታቸውን ድል አልነሱትም፤ ሸሸጉት እንጂ። ዛሬ የራሱን ፊት የሚያነሳ መስሎ በትከሻው በኩል ከኋላው ያለችውን ባለጉልት የሚቀርጸው ልጅም የእነሱ ደቀ መዝሙር ነው፤ ጥበባቸውን ሳይሆን ዘዴያቸውን የወረሰ።

በእኛ አገር ነገሩ ጠባሳም አለው። ወደ አገራችን ከገቡት ቀደምት ካሜራዎች ጥቂቶቹ የመጡት ከጦር ጋር ነው፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ከወጋው የእንግሊዝ ጦር ጋር። በዚያው ዓመት አባቱን ዐፄ ቴዎድሮስን መቅደላ ላይ ያጣው የ7 ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ እንግሊዝ ደረሰ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ባለሙያም አነሳችው። ፎቶው እንደ ሥነ ጥበብ ቢታይ የተዋጣለት ነው፤ ብርሃኑም ጥላውም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ልጁ ግን በዚያ ትካዜ በሞላው ዓይኑ የሚያየው ማንን ነው? “ልንሳህ ወይ?” ተብሎ ቢጠየቅ እንኳ እምቢ የማለት ዐቅም የነበረው ልጅ አይደለም። ውበቱ ይህን አይሸፍነውም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። ሙርሲዎችን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ያጠናው ዴቪድ ተርተን የተባለ የሥነ ሰብእ ምሁር በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። ጽሑፉ ከርእሱ ጀምሮ ቱሪስቶችን የሚጠራቸው “ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች” እያለ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ሁሉ በዚህ አንድ ሥራው ሲታወቅ አስቡት! ሙርሲዎቹ በተነሱ ቁጥር ሒሳብ ይጠይቃሉ፤ ቱሪስቱ ከፍሎ ያነሳል፣ ይሄዳል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “ገንዘብ አበላሻቸው” ይላል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሰላምታ በሌለበት፣ ስም በማይጠየቅበት፣ ፎቶው ተመልሶ በማይመጣበት ግንኙነት ውስጥ ለተነሺው የቀረለት መደራደሪያ ዋጋ መጥራት ብቻ ነው።

ፈረንጅ ሲያነሳን የምንቆጣው እኛስ? ከአዲስ አበባ ወጥተን ክፍለ ሀገር ስንገባ ፈረንጁ እኛው ሆነናል። የአገር ውስጥ ጉብኝት መለመዱ ደግ ነገር ነው፤ አገሩን ያላየ ሰው አገሬ ቢል ምኑን ያውቀዋል? ነገር ግን ባዶ እግሩን የቆመ ሕፃን አይተን ስልካችንን ስንደግን፣ ያ ሕፃን ቦሌ አካባቢ የሚኖር የጎረቤታችን ልጅ ቢሆን ኖሮ እናቱን ሳንጠይቅ እናነሳው ነበር? ወይስ ድህነት ራሱ ፈቃድ ሆኗል?

ከምባታ ይህን ታውቀዋለች። በ2000 ዓ.ም. ድርቁ ሐድያን፣ ከምባታንና ወላይታን በጎዳ ጊዜ የውጭ ዜና ማሠራጫዎች “አረንጓዴ ረሃብ” አሉት። በለመለመ እንሰት መካከል የቆመ የከሳ ልጅ ለካሜራ የሚመች ተቃርኖ ነበርና። እነዚያ ምስሎች እርዳታ አላመጡም አልልም፤ የጥቅምት 1977ቱ የኮረም ምስል የዓለምን ኅሊና መቀስቀሱም እውነት ነው። ሆኖም ችግሩ ካለፈ በኋላ ያ ልጅ ምን ሆነ ብሎ የተመለሰ ካሜራ እምብዛም ነው። ዛሬ ደግሞ በተራው አረንጓዴው ብቻ ይነሳል፤ ተራራው፣ ደረጃው፣ ጉሙ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰው፣ ቆጮ ሸጦ ልጅ የሚያስተምረው፣ አሁንም ለብቻው አልተነሳም።

“እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?” ቢላቸው ያ የአዲስ አበባ ልጅ ምን ይሉታል? ምናልባት “እሺ”፣ ምናልባት “ሂድ ወዲያ!”። ከሁሉ የሚበልጠው ግን “የት ታደርሰዋለህ?” የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ከአላዋቂነት የመጣ ጥያቄ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከሐድያና ከከምባታ ስንቱ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ አገር ያውቃል። ልጁ የሄደበት ወላጅ ፎቶ ምን እንደሆነ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ለእሱ ፎቶ ማለት የሄደ ሰው የሚቀመጥበት ግድግዳ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ቦታ አለው። ባለቤቱም ቦታውም የማይታወቅ ፎቶ ቢያስጠረጥረው ምን ይገርማል?

እኛም ብንሆን ከፎቶ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነበር። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያነሱት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች፣ አባት ቤድሮስና ልጆቹ፣ ነገሥታቱን ልብሰ መንግሥት አስለብሰው ነው ያነሷቸው። በኋላም ፎቶ ቤቱ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ኮቱን ተውሶም ቢሆን ለብሶ፣ ከተሳለ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” በሚለው መጽሐፍ የተሰበሰቡትን የቤተሰብ ፎቶዎች ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ዛሬም በመስቀል፣ ከምባታዎች መሳላ በሚሉት በዓል፣ ከየከተማው የተመለሰው ልጅ ወላጆቹን በር ላይ አስቁሞ ሲያነሳ እናትየዋ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ነጠላ ለማስተካከል ጊዜ ማግኘት ትንሽ ነገር አይምሰለን፤ ተነሺው በገዛ ምስሉ ላይ ያለው ድርሻ ያ ነው።

ሕጉም ቢሆን የዚህን ያህል ሩቅ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ታዋቂነትን፣ የመንግሥት ሥራን፣ የፍትሕና የትምህርት ጉዳይን፣ በአደባባይ የተከናወነን ሁነት ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። ሕጉ ሲወጣ ፎቶን በሕዝብ ፊት ለማሳየት መስኮት ወይም ጋዜጣ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ መንገደኛው አውቶቡሱ ውስጥ እንደተቀመጠ በአንድ ጣት ለሺዎች ያሳያል።

“ካስፈቀድኩ እኮ ተፈጥሯዊነቱ ይጠፋል” የሚሉኝ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሰው ካሜራ ሲያይ ይደርቃል። ተራራ፣ ጎዳና፣ የበዓል ሕዝብ ለማንሳት ማንም ሰልፍ ይዞ ፈቃድ ይጠይቅ አላልኩም። (ድልድይና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ጠያቂው ብዙ ነው።) አንድ ፊት ነጥለን ስናነሳ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደግሞስ ተፈጥሯዊ የምንለው ሰውየው እንደሚታይ የማያውቅበትን ጊዜ ብቻ ነው? የደረቀውም ሰው ትንሽ ቢቆዩለት፣ ሁለት ቃል ቢጫወቱት ይለሰልሳል። ችግሩ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ መኪናው ሳይነሳብን አንስተን ለመሄድ እንቸኩላለን።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት ምክር ካስፈለገ የእኔ አጭር ነው። ስልክህን ደብቀህ አትያዝ፤ የሚደበቅ ነገር ያስጠረጥራል። በከምባትኛ አንድ ሰላምታ ተምረህ ግባ፤ ቢስቁብህም ሳቁ መተዋወቂያ ነው። ከቆጮው ግዛ። ጠይቅ። ካነሳህ አሳያቸው፤ ልጃቸው ወይም የልጅ ልጃቸው ስልክ ካለው እዚያው ላክላቸው፤ “የት ታደርሰዋለህ?” ለሚለውም መልሱ ይኸው ነው። እምቢ ካሉ ደግሞ አመስግነህ እለፍ። ያላነሳኸው ፎቶ ይቆጭህ ይሆናል፤ እኚያ እናት ግን ያን ቀን በገዛ ገበያቸው የፈለጉትን ሸጠው፣ ያልፈለጉትን ከልክለው ቤታቸው ይገባሉ።